በርበሬ በዳኑብ ዳር

እስቲ እነዚህን ሁለት የብስክሌት ቦርሳዎች ተመልከቱ። ሎስ አንጀለስ፣ ሚድ ሲቲ፣ የእትዬ ሥርጉት አፓርትመንት ወለል ላይ ተነፋፍተው ተቀምጠዋል። አንዱ ሦስት ኪሎ በርበሬ ነው። ሌላው ሽሮ፣ ቫይታሚን፣ የክርስትና ቀሚስ። የራሷ የሥርጉት ካልሲ እንኳ አንዱም ውስጥ የለም።

እትዬ ሥርጉት ስልሳ አምስት ዓመቷ ነው። ዌስትውድ ውስጥ፣ ቁም ሳጥን በምታህል የፓርኪንግ ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ተቀምጣ ለአላፊ አግዳሚው መኪና መዝጊያ ስታነሳ ኖራለች። ጡረታ እንደወጣች ብስክሌት ገዛች፤ ባሕሩ ዳር እየወደቀች እየተነሳች ለመደች። በፈረንጆቹ 2016 ደግሞ ዳኑብ የሚባለውን ወንዝ ተከትላ፣ ከጀርመን ጠረፍ እስከ ቪየና፣ ስምንት ቀን በብስክሌት ልትሄድ ቆረጠች። ሰርግ ሳይጠራት፣ ለቅሶ ሳያስነሳት፣ ለራሷ ብላ ስትጓዝ በዕድሜዋ የመጀመሪያዋ ነው። ይህችን አንዲት መንገድ ለራሷ ፈለገቻት።

ስህተቷ ለአንድ ሰው መናገሯ ነው። የሐበሻ ሱቅና ምግብ ቤት በሞላበት ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ለአንድ ሰው መንገር በሬዲዮ ከማስነገር አይተናነስም።

መጀመሪያ የመጡት የድሮው ታክሲ ነጂ ጋሼ ወንዳፍራሽ ናቸው።

«ብስክሌት? መኪናሽ ተበላሸ እንዴ?»

«ደህና ነው ጋሼ፤ ውጭ ፓርክ አድርጌዋለሁ።»

«ታዲያ በዚህ ዕድሜ ምን ጎድሎብሽ? ጉልበትሽን ሰብረሽ ልትመጪ ነው? ሰውስ ምን ይላል?» ሲገስጿት ቆዩና ከኮታቸው ኪስ ትልቅ የቫይታሚን ብልቃጥ አወጡ። «ለማንኛውም ይቺን ለወንድሜ ልጅ። ቪየና ነው ያለው።»

ወይ ጉድ! በዕድሜዋ የሚሳለቅ አፍ፣ ዕቃ ለማሸከም ሲሆን ጉልበቷን አይጠራጠርም።

ከዚያ ባለሱቋ እታገኝ በርበሬዋን ታቅፋ ከች አለች።

«እትዬ፣ ለእህቴ ለዶርቃ ናት። ትንሽ ነገር ነች።»

«እታገኝዬ፣ በእግሬ እኮ ነው የምገፋው።»

«ኦኬ፣ ግን ጎማ አለው አይደል?»

እንቢ አንድ ቃል ነው። ሥርጉት ግን ይሉኝታ አለባት። ጨዋነት እያልን የምናሞግሰው፣ ሰነፉን ሁሉ ባለ አህያ የሚያደርግ በሽታ! ሽሮና የክርስትና ቀሚስ ይዘው የመጡትንም ጨምሮ የሁሉንም ተቀበለች። የራሷን ልብስ ቀናንሳ ጀርባዋ ላይ አዘለች።

ሁለት ቀን ሙሉ ዳኑብን አላየችም፤ ያየችው የፊት ጎማዋን ነው። አቀበት በመጣ ቁጥር ወርዳ ትገፋለች፤ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌዎች ደወል እያቃጨሉ ያልፏታል። በሦስተኛው ቀን ዶፍ ወረደ። በርበሬው ራሰ፤ ቀይ ውሃ እግሯ ላይ መንጠባጠብ ጀመረ። አንድ መንገደኛ የቆሰለች መስሎት ጮኸ።

ሥርጉት ወረደች። በርበሬውን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ዘረገፈችው። ሽሮውም ተከተለ። ከዚያ ቀና አለች። ወንዙ አጠገቧ ነበር፤ ሰፊ፣ ድፍርስ፣ ከእሷ ምንም የማይፈልግ። አምስት ቀን አብረው ወረዱ።

ቪየና ላይ ቫይታሚኑንና ቀሚሱን አስረከበች። ዶርቃን ግን አንገቷን ደፍታ ይቅርታ ጠየቀቻት።

ዶርቃ ሳቀች። «እትዬ ደግሞ! በርበሬ እኮ እዚሁ ሰፈሬ ይሸጣል። ማን ተሸከሚ አለሽ?»

ሎስ አንጀለስ ስትመለስ ወሬው ቀድሟት ደርሷል፦ «ሥርጉት የሰው አደራ በላች።» እታገኝ ሰላምታ ነፈገቻት። ጋሼ ወንዳፍራሽ፣ ብልቃጣቸው በሰላም የደረሰላቸው ሰውዬ፣ «ብዬ ነበር» አሉ። ስምንት ቀን በእግሯ ሀገር ያቋረጠችውን ሴት፣ ምን አየሽ ያላት አንድም ሰው የለም። አንድም!

እናንተ ግን ፌርፋክስ ላይ ካገኛችኋት፣ እባካችሁ ስለ በርበሬው ተዉት። አጠገቧ አረፍ በሉና ወንዙን ጠይቋት፤ ስታወራም ሳትጨርስ አታቋርጧት።