አንድ ደረት፣ ሁለት ጢስ

በዚህ ነገር ውስጥ አምስት ነበርን። አንደኛው እኔ ነኝ፤ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ልብስ የምሰፋ፣ ፊደል በራሴ ጥረት የቆጠርኩ፣ ምክር የማልቆጥብ አባት። ሁለተኛዋ ባለቤቴ፤ ምክሬ ሲረዝም ድስት የምታንኳኳ። ሦስተኛው ወንድሟ፤ ከጅቡቲ ኮምቦልቻ ጭነት የሚያመላልስ ሾፌር። አራተኛው ልጃችን፤ ኮምቦልቻ ፋብሪካ በፈረቃ እየሠራ እኛው ግቢ የሚኖር፣ ከሲጋራ ጋር የተጋባ። አምስተኛዋ በወግ ያገባት ሚስቱ፤ የመጀመሪያ ልጃቸውን የጸነሰች።

የልጄ ሳል ሲብስበት ሐኪም «ሲጋራውን ተው፤ ሚስትህም ነፍሰ ጡር ናት» አለው። አጎቱ ይህን ሰምቶ በሚቀጥለው ጉዞው ቬፕ ይዞለት መጣ። ያኔ ደሴ ብዙ ሰው አያውቀውም፤ በባትሪ የሚሞቅ፣ ጣፋጭ ፈሳሽ እያተነነ የሚሳብ ዕቃ ነው።

«ወላሂ ጋሼ፣ በዚህ ሲጋራ የተዉ ሾፌሮች አውቃለሁ» አለኝ። በቅንነት ነው ያመጣው፤ አልወቅሰውም።

ልጄ ግን አልተወም፤ ደረበ። ፋብሪካው በር ላይ ሲጋራ፣ ቤት ሲገባ ቬፕ። ዱሮ ለማጨስ ወደ ደጅ ይወጣ ነበር። አሁን «እንፋሎት እኮ ነው» እያለ ሚስቱ አጠገብ ተቀምጦ ይስባል። ቤቱ ሐብሐብ ሐብሐብ ይሸታል።

«ሐብሐብ ካማረህ ገበያ ሞልቷል» አልኩት።

«አባዬ፣ ሲጋራውን እኮ ቀንሻለሁ!»

«ሰው ከድጡ ወደ ማጡ ሲሄድ አይቻለሁ። አንድ እግሩን ድጡ ላይ፣ አንዱን ማጡ ውስጥ አድርጎ የሚቆም ግን አንተን አየሁ።»

ልቀጥል ስል ድስቱ ተንኳኳ።

ሳሉ አልተው ሲለው አብሬው ሐኪም ቤት ሄድኩ። ያን ቀን ያገኘናት ሐኪም ወጣት ናት። «ሁለቱን አብሮ የሚወስድ ሰው ከሲጋራው መርዝ አላመለጠም» አለችው። «የእንፋሎቱ ኬሚካል ደግሞ በላዩ ላይ ነው። ሚስትህ አጠገብ አንዱንም አትሳብ።»

እኔም ያነበብኩትን ልጨምር ጉሮሮዬን ስጠርግ፣ «አባት፣ ለዛሬ ይበቃዋል» አለችኝ።

የእኔም የሐኪሟም ቃል በጆሮው አለፈ። በእኛ አገር ሴት የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት ትወልዳለች። ምራቴ ጊዜዋ ሳይደርስ ጓዟን ጠቅልላ ገራዶ፣ እናቷ ቤት ወረደች። እሁድ ከልጄ ጋር በሚኒባስ ተከተልናት። ደጅ ላይ ጠብቃ ኮቱን አሸተተች።

«አባባ፣ እርስዎ ይግቡ። ይሄ የሐብሐብ ነጋዴ ግን አጥሩ ጋ ይቁም።»

«እንዴ! ባልሽ እኮ ነኝ!»

«ይሄ ልጅ ሲወለድ አንተን እንጂ ጢስህን አይፈልግም። ሁለቱንም ትተህ ና።»

አማቱ ምሳውን በአጥር አሻግረው ሰጡት። እኔ ውስጥ ሆኜ ያዘንኩ መስዬ በላሁ፤ እውነቱን ለመናገር፣ እንደዚያ ቀን ምግብ የጣመኝ ጊዜ ጥቂት ነው።

በሚቀጥለው እሁድ ቬፑን ጥሎ ሄደ፤ ሲጋራው አጋለጠውና ምሳው ዳግመኛ አጥር ተሻገረ። ከዚያም እየተነጫነጨ፣ ማስቲካ እያኘከ፣ ብዙ እሁድ ተመላለሰ። መውለጃዋ ሲቃረብ ኮቱን አሸተተች፤ ደግማ አሸተተች፤ በሩን ለቀቀችለት። ልጅቷ ስትወለድ እሱ ከውስጥ ነበር። ከክርስትናዋ በኋላ አንድ ቀን ሲጋራ አጭሷል፤ በዚያው ሳምንት ተመልሶ ተወው፤ ሳሉም ቀስ በቀስ ለቀቀው።

አንድ ቀን ቁጭ ብለን አሰላነው። የአጎቱ ስጦታ፣ ፈሳሹ፣ ሐኪሙና የገራዶው ሚኒባስ፣ ሲጋራውን ሳንጨምር፣ ሁላችንን ያስወጣን አራት ሺህ ብር ነው፤ በዚህ ብር ስንት እውነተኛ ሐብሐብ በተበላ ነበር።