በገረጋንቲው ግድግዳ ውስጥ የነበሩት ወፎች

ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመት እንዳለፈ ነው በዶዘር ረዳትነት ዘመሮ በምትባል ከተማ የመንገድ ሥራ የገባሁት። የመጀመሪያው ቀን ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ የማሽን ቅባቱን፣ ግራሶ አስያዙኝ፤ እስኪመሽ የዶዘሩን ሰንሰለት ጭቃ ስፍቅ ዋልኩ።

በኋላ ኦፕሬተር ሆንኩ። ወደ ራቤል በሚወስደው መንገድ ለመንገዱ የላይ ልብስ የሚሆን ጠጠራማ አፈር፣ ገረጋንቲ ስናወጣ፣ ቆርጠን የተውነውን የአፈር ግድግዳ ወፎች በስተው ገብተውበታል። ትናንሽ፣ ጥቁር፣ ጭራቸው ሹካ የሚመስል። በአፋቸው ነፍሳት ይዘው ይገባሉ፣ ይወጣሉ።

ወፍ የምታጠና ሂሩት የምትባል ልጅ መጥታ አየቻቸው።

«ጋሼ፣ ከጣራ ሥር በጭቃ ጎጆ የሚሠሩት ወፎች ዘመዶች ናቸው፤ ግን የራሳቸው ወገን አላቸው። የወንዱ ክንፍ ጠርዝ እንደ መጋዝ ይሻክራል፤ መጋዝ ክንፍ እንላቸዋለን። ጭንቅላቱ ነጭ የሆነ ዝርያም አለ። ሁሉም የአፍሪካ ናቸው። ጫጩቶቹ እስኪበሩ ብቻ ታገሡልኝ» አለችኝ።

የመንገዱ ሥራ መሐንዲስ ደግ ሰው ነበሩ፤ ልመናዋን ሲሰሙ እሺ አሉ። «ሌላ ቦታ ገረጋንቲ ፈልጉ። ወይም ወፎቹ በርረው ሲሄዱ በሬዲዮ ንገሩኝ» አሉ።

ፎርማናችን ዓለሙ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ያለ አራዳ ቋንቋ አያወራም። ጠዋት ሌላ ገረጋንቲ ፍለጋ ዙሪያውን ለይስሙላ ዞር ዞር አለና ሬዲዮውን አነሳ።

«አለቃ፣ ወፍ የለም!»

በአራዳ ቋንቋ ምንም የለም፣ ገረጋንቲ አላገኘሁም ማለቱ ነው። መሐንዲሱ ግን የሰሙት ሌላ ነው። «እሰይ፣ ሄዱልን? በሉ ቁፈሩ!»

ዓለሙ በሳቅ ፈረሰ።

«ንገራቸው እንጂ! ጫጩት አለ እኮ!» ጮህኩበት።

«ምን ዋሸሁ? ወፍ የለም አልኩ፣ ቁፈሩ አሉ። አንተ ምን አገባህ?»

ሬዲዮውን ልቀማው ስል ዘጋው። አይ ነውር! «በዚህ እጄ አልንደውም» ብዬ ከዶዘሩ ወረድኩ። እሱ ራሱ ወጥቶ ግድግዳውን ናደው።

ወፎቹ ምግብ በአፋቸው እንደያዙ በአቧራው ላይ ይሽከረከሩ ነበር። የሚገቡበት የለም።

ሂሩት ከቀትር በኋላ ደረሰች። «ምነው ጋሼ? እሺ ብላችሁኝ ነበር እኮ» አለችና አለቀሰች። ለመሐንዲሱ ነገርኳቸው፤ ራሳቸውን ይዘው ቀሩ። ዓለሙ ግን በማግስቱ ምሳ ላይ ወሬውን እንደ ቀልድ ሲያወራ ሰማሁት። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

«ዝም አይነቅዝም» ይባላል። ያን ቀን ግን የዓለሙ ዝምታ ነቅዟል። ማሽን ላይ ያላችሁ ልጆች፣ አለቃ ቃላችሁን አጣሞ ከሰማ እዚያው አቅኑለት። እያወቁ ዝም ማለት ውሸት ነው።