በኮሮና ሰሞን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ
ኮሮና የገባ ሰሞን ጎረምሳ ነበርኩ። ቱሪስት ሲጠፋ በቅሎ መጫኑ ቀረብኝና ደባርቅ አንድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ እጅ አስታጣቢ ሆንኩ። ሰው በሩን እንዳይስም መከልከልም የእኔ ሥራ ነበር።

አንድ ጠዋት የሊማሊሞን ዳገት በእግራቸው የወጡ ሽማግሌ መጡ።

«አባቴ፣ ከሩቅ ይሳለሙ» አልኳቸው።

«ይህን ሁሉ ዳገት የወጣሁት ከሩቅ ላየው ነው?»

«በሽታው በትንፋሽ ይተላለፋል።»

«ጎረምሳ ሆነህ ሞት ትፈራለህ እንዴ?»

የቤቴን ጉዳይ ለሰው አላወራም። ያን ቀን ግን አመለጠኝ።

«እናቴ አስም አለባት። የምንኖረው አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ይዤባት ከገባሁ አትተርፍም።»

ሽማግሌው እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጠቡ፤ ጭምብላቸውን እስከ ዓይናቸው ሳቡ፤ እንዳልኳቸውም ከሩቅ ሰግደው ተሳለሙ። እፎይ አልኩ።

ሲጨርሱ ግን ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡ። ራሴን በሁለት እጃቸው ያዙና ጭምብላቸውን ወደ አገጫቸው አወረዱ።

«እናትህን ከዚህ በሽታ ይሰውርልህ!» አሉና፣ እንደ ምርቃት ወጉ «እንትፍ! እንትፍ!» ብለው ፊቴን አራሱት።