ከል ሻንጣ ውስጥ አይገባም

ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ ባለችው ሱቄ ሻንጣ እሸጣለሁ። የተማሪ ቦርሳም፣ የፕላስቲክ ጫማም እሸጣለሁ፤ ሰው የሚያውቀኝ ግን በሻንጣ ነው። ብዙ ጊዜ የሚመጡት እናትና ልጅ ሁነው ነው። ልጅቷ ቀለሙን ታያለች። እናትየዋ ዚፑን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ እጇን እስከ ክርኗ አስገብታ ውስጡን ትዳስሳለች፤ ዶሮ ስትገዛ የዶሮዋን ደረት እንደምትዳስስ።

ባለፈው የገበያ ቀን ከጅጋ የመጡ እናትና ልጅ ገቡ። ልጅቷ የሻንጣውን ጎማ ወዲያ ወዲህ እያንከባለለች፣

"አንች ኩዌት ነበርሽ አሉ። ምን ይዘሽ ነበር የሄድሽው?" አለችኝ።

"ልብስ።"

"ሌላስ?"

"ልብስ ነው የያዝሁት አልሁሽ።"

እናቷ ሳቀች። "ይችስ ሻንጣ እንጂ ወሬ አትሸጥም" አለች።

ትልቁን ገዝተው ሄዱ። ልጅቷን አልዋሸኋትም፤ የያዝሁት ልብስ ነው። ብቻ ያን ሰሞን ቤታችንን ያመሰው የያዝሁት አልነበረም። ልለብሰውም፣ ልጥለውም፣ ሻንጣ ውስጥ ልከተውም ያልቻልሁት አንድ ቀሚስ ነበር።

አባቴ የሞተው ኅዳር ላይ ነው፣ ጤፍ በሚታጨድበት ሰሞን። አናጢ ነበር። ሆዴን አመመኝ ብሎ ተኛ፣ አልተነሳም። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት ስላልመጣልኝ የዐረብ አገር ጉዳይ ከጀመርሁ ቆይቻለሁ፤ ፓስፖርቱንም ያወጣሁት እሱ በሕይወት ሳለ፣ እሱ ሂጅ ብሎኝ ነው።

ለቅሶው ላይ እንባ እምቢ አለኝ። ሴቶቹ ደረታቸውን ሲመቱ እኔ ውኃ እቀዳ ነበር፤ ወንበር አቀብል ነበር፤ ድንኳኑ የዘመመበትን ገመድ አጠብቅ ነበር። ጥርስ ሲነቅሉ ድድሽን በመርፌ ይወጉታል አይደል? ከዚያ ጉንጭሽን ስትነኪው የሌላ ሰው ጉንጭ ይመስልሻል። እኔ ሁለመናዬ እንደዚያ ነበር። የሚያዩኝ ሴቶች መጀመሪያ "ደንግጣ ነው" አሉ። ሰባት ቀን ሲያልፍ፣ አርባው ሲያልፍ ግን ያንንም ማለት ተዉ። ዝም ሲሉ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ።

ለሐዘኑ አዲስ ጥቁር አልገዛንም። እማ ደኅናውን ቀሚሴን በትልቁ ድስት፣ የገበያ ጥቁር ቀለም በጥብጣ ነከረችው። የገበያ ቀለም አይጸናም። ሲያልበኝ አንገቴን ያጠቁረዋል፤ ዝናብ ሲመታኝ በባቴ ይወርዳል። ታጥቤ ስወጣ እንኳ ትከሻዬ ላይ ያለው መስመር አይለቅም ነበር።

እንዲህ ሁኘ ሰኔ ላይ ቪዛው መጣ። አዲስ አበባ ያለችው ደላላ ስልክ ደወለች። ቶሎ ቶሎ ነው የምታወራው። "አንድ ሻንጣ ብቻ። ቅቤ እንዳትይዥ፣ ይፈስሳል። ደግሞ ስሚ፣ ለቪዛው የላክሽው ፎቶ ላይ ጥቁር ለብሰሻል። ጥቁር ለብሰሽ እንዳትመጭ። ሐዘንተኛ ነች ካሉ ይመልሱሻል።"

እማ ያን ቀን ማሸግ ጀመረች። አልጋው ላይ በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ የሽምብራ ቆሎ ደረደረች። ጋቢ ጨመረች። ቀጥላ ጃንጥላ አመጣች። ውጭ የሰኔ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ ዝናብ የማይዘንብበት አገር ይኖራል ብሎ ማን ያስባል? እኔም አላሰብሁም። "ይኸንስ ትይዥዋለሽ?" ስትለኝ "እሽ" እላለሁ፤ "ይቅር?" ስትለኝም "እሽ"። ድንጋይ ብትጨምርበት ይዤላት እሄድ ነበር።

የተሰናከልነው ቀሚሱ ላይ ስንደርስ ነው። አባቴ ዓመት አልሞላውም፤ ሙት ዓመቱ ኅዳር ነው። ከል ደግሞ ራስ አውልቆ የሚጥሉት አይደለም። በእኛ ዘንድ የሟች የሥጋ ዘመድ ነው በእጁ የሚያስወልቅ። እሷም አክስቴ እትየ ጥሩነሽ ናት፣ የአባቴ ታላቅ እህት። የምትኖረው ቡሬ አጠገብ፣ ገጠር ነው። እሷ ሳታወልቅልኝ ሰማያዊ ለብሼ መኪና ብሳፈር፣ አባቴን መንገድ ላይ ጥዬው ሄድሁ ማለት ነው። እማ እዚህ ትቀራለች፤ ወሬውን የምትሸከመው እሷ ናት።

ስለዚህ ልንለምናት ሄድን። ማንኩሳን አልፈን ቡሬ ወረድን፤ ከዚያ በእግር። መንገዱ ቀይ ጭቃ ነው፣ ጫማን ይዞ ያስቀራል። ዳጉሳ የሚዘሩ ሰዎች ከማሳቸው ቀና እያሉ "እግዜር ያጥናችሁ" ይሉናል። እማ ትመልሳለች፤ እኔ ጭቃውን አያለሁ።

እትየ ጥሩነሽ ጓሮ፣ የበርበሬ ችግኝ መደቡ ላይ አጎንብሳ ችግኝ ትነቅላለች። ቀና ብላ ስታየን፣

"ከተሜዎች! ጫማችሁን አውልቁ፣ የኛ ጭቃ አያውቃችሁም" አለች።

አስገብታ የተቀቀለ ድንች ከነልጣጩ አቀረበችልን፤ ከጎኑ አረንጓዴ ቃሪያ ከነጭ ሽንኩርት ጋር የተወቀጠበት ዳጣ። ዐይን ያስለቅሳል ይባላል። እኔን አላስለቀሰኝም።

"በሉ፣ ምን አመጣችሁ?" አለች እትየ። "ሰኔ ላይ ዘመድ የሚመጣው እህል ሲያልቅበት ነው።"

"እህልስ አለ፣ እትየ" አለች እማ። "ልጅቷ መንገድ ወጣላት።"

"የት?"

"ዐረብ አገር።"

"እሱንስ ወንድሜም ነግሮኛል። እና?"

"እንዲህ ሁና አይቀበሏትም አሉ።"

"እንዲህ ማለት?"

እማ ድንቹን ትልጣለች። እትየ ምን ለማለት እንደፈለገች አውቃለች፤ ግን አፍ አውጥታ እንድትለው ትጠብቃለች። እኔ መጠበቅ አልወድም።

"ከሉን ያውልቁልኝ" አልኋት።

እትየ ዞር ብላ አየችኝ። "አፍ አለሽ ለካ።"

"አለኝ።"

"ወንድሜ ሲቀበር ፊትሽን አይቸዋለሁ። ደረቅ ነበር።"

"አዎ።"

"አሁንም ደረቅ ነው።"

"አዎ፣ እትየ።"

"እንግዲያ ያለቀሰልሽ ይኸ ቀሚስ ነው። እሱን ካወለቅሁት ምን ቀረሽ?"

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። አልተቆጣችም። ቢቆጡኝ መልስ አላጣም። የድንቹን ልጣጭ አንድ ላይ ሰበሰብሁ።

"እትየ፣ ልጅ ናት" አለች እማ።

"ልጅስ ናት። ዓመቱ ይሙላና ልምጣ፣ በእጄ አወልቅላታለሁ። ብሉ እንጂ፣ ድንቹ ቀዘቀዘ።"

ስንወጣ ቁና ሙሉ ዛላ በርበሬ አምጥታ የእማ ነጠላ ላይ ዘረገፈችው። "አስፈጭተሽ ክተችላት። የሰው አገር ወጥ አይጥማትም" አለች። እምቢ ያለችኝም፣ ስንቅ የሰጠችኝም ያች አንድ ሴት ናት። ያኔ ግራ ገብቶኝ ነበር፤ ዛሬ ግራ አይገባኝም።

ስንመለስ ዝናብ ያዘን። ሚኒባሱ ውስጥ ከቀሚሴ ጥቁር ውኃ እየወረደ ወንበሩ ላይ ተኛ። ረዳቱ ሂሳብ ሊቀበል ሲያጎነብስ አየና፣

"ኧረ እህት፣ ወንበሬን ከሰል አደረግሽው" አለኝ።

"ታጥበዋለህ" አልሁት።

ሊመልስልኝ ፈልጎ የእማን ጥቁር ሻሽ አየ፣ ከዚያ የእኔን። የሁለታችንንም ሂሳብ ሳይቀበል አለፈ። እማ ጠርታ በግድ ሰጠችው።

መሄጃዬ ሲቀርብ ሻንጣው ሞላ። ሰማያዊ አበባ ያለበት አዲስ ቀሚስ እማ ገዝታልኝ በር ጀርባ ተሰቅሏል። መላ ያገኘሁ መሰለኝና ሰማያዊውን ለብሼ እሄዳለሁ፣ ከሉን እዚያ እለብሰዋለሁ ብዬ አሰብሁ። ከሉ ታጥቦ ደርቆ ነበር፤ የሌላ ቀሚስ እጥፋት ውስጥ ከተትሁት። እማ አየችና አወጣችው። እኔ መልሼ ከተትሁት። እሷም መልሳ አወጣችው።

"ከል ሻንጣ ውስጥ አይገባም" አለችኝ። "ሐዘን ጭነሽ ሰው አገር አትገቢም።"

"እማ፣ አትልበሽው አሉኝ። አታውልቂው አሉኝ። አትያዥው አልሽኝ። ምን ላድርገው?"

"እኔ ምን አውቄ።"

"ጨርቅ ነው እኮ።"

"ጨርቅስ ነው" አለች። ጭኗ ላይ አድርጋ በመዳፏ ታለሰልሰው ጀመር። እኔ የሻንጣውን ዚፕ ዘጋሁ። ለእማ አዝኘላት ነበር ብል ደስ ባለኝ። ዚፑ እንዳይበጠስ ነበር የማስበው።

በመሄጃዬ ቀን ገና ሲነጋ፣ ያው ከሉን ለብሼ ቁጭ ብያለሁ። እማ ውኃ አሙቃ ገባች። በሩን ዘጋች።

"እጅሽን አንሽ" አለችኝ፤ ሕፃን ሳለሁ እንደምትለኝ።

አነሳሁ። ቀሚሱን በራሴ በኩል ሳብ አድርጋ አወጣችው። ጨርቁን በሙቅ ውኃ እያራሰች አንገቴን፣ ትከሻዬን፣ ያን የማይለቅ መስመር ፈተገችልኝ። ሰማያዊውን አለበሰችኝ። ከዚያ የእኔን ከል አንስታ፣ ከራሷ ከል ላይ ደርባ ለበሰችው። ክንዱ ጠበባት። ጎተት ጎተት አድርጋ አስተካከለችው።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አልኋት።

"የቀረውን እኔ እጨርስልሻለሁ።"

"እትየስ?"

"እትየን ለኔ ተያት።"

አለቀ፤ ይኸው ነው። የተሰማኝን ሰው ቢጠይቀኝ በአዲሱ ቀሚስ አንገት ላይ የተሰፋው የፋብሪካ ምልክት ይኮሰኩሰኝ ነበር፣ እሱ ነው የተሰማኝ። መናኸሪያ አንዷ ጎረቤታችን ሰማያዊዬን ከላይ እስከ ታች አይታ፣ "አባቷ ገና..." ማለት ስትጀምር፣ እማ "እኔ ለብሸላታለሁ" አለቻት፣ አውቶቡሱ ሙሉ እስኪሰማ። ሴትየዋ ቀርባ የተደረበውን እጅጌ ነካችና መንገድ ለቀቀችልኝ። ደምበጫ እስክንደርስ መስኮቱን ሳይሆን ጉልበቴን ነበር የማየው።

ኩዌት ስወርድ ሴቱ ሁሉ ከራሱ እስከ እግሩ ጥቁር ለብሷል። አባያ እንደሆነ በቴሌቪዥን አውቀዋለሁ፤ ቢሆንም ለአንድ አፍታ አገር ሁሉ ሰው የሞተበት መሰለኝ። ትንሽ ቆይታ ማዳሟ ለእኔም አንድ ሰጠችኝ፣ ገበያ ስንወጣ የምለብሰው። ለበስሁት። ማን ሞተብሽ ያለኝ የለም።

ኅዳር ሲደርስ ለእማ ደወልሁ። ሙት ዓመቱ ወጣ፣ ጠላው ጥሩ ነበር፣ እትየ ጥሩነሽ መጥታ የእማን ከል አወለቀች። "የእኔንስ?" አልኋት። እማ የስልኩ ድምፅ ይቆራረጣል አለች። እኔ ጋ አልተቆራረጠም።

ውሌን ጨርሼ፣ ሌላ ጨምሬ፣ ከዓመታት በኋላ ስመለስ እማ መናኸሪያ ቁማ ጠበቀችኝ። ቀሚሴን ለብሳለች። ጎንና ጎኑን ተርትራ ጨርቅ ጨምራበታለች፤ በልኳ ሁኗል።

"ይኸ ምንድን ነው?" አልኋት፣ ገና ሳልስማት።

"የእኔ ከል በዓመቱ ወልቋል። ይኸ ያንች ነው። ባለቤቱ ሳይኖር እንዴት ይወልቃል?" አለች፤ የገበያ ዋጋ እንደምትነግረኝ።

እትየ ጥሩነሽ መምጣቴን ሰምታ በሳምንቱ ከቡሬ መጣች፣ ዱላ ተደግፋ። ቡናም እህልም ሳትቀምስ እማን መደቡ ላይ አስቀመጠቻት። "ነይ፣ በዚያ በኩል ያዥ" አለችኝ። በሁለት በኩል ይዘን አወለቅነው።

"እዚያስ አለቀስሽ?" አለችኝ።

"አላለቀስሁም።"

"እሽ።" ቀሚሱን ጠቀለለችው። "ለወንድሜስ ዓመቱ በቃው። ከዚያ ወዲያ የተለበሰው ላንች ነው።"

እማ "ተይ እንጂ እትየ" ብላ ውኃ ልትቀዳ ወጣች።

እኔ እንግዲህ በቁሜ ከል የተለበሰልኝ ሰው ነኝ። ሲሰማ ትልቅ ነገር ይመስላል። ያን ቀን ግን ሻንጣዬን ነበር የፈታሁት፤ ለጎረቤት ሳሙናና ሽቶ አካፈልሁ። እንባው ዛሬም አልመጣም። አልጠብቀውም፤ ቢመጣም ለማን እንደምሰጠው አላውቅም፣ ለአባቴ ይሁን ለእማ።

ሱቄ የሚመጡት ልጆች ሻንጣውን ሲያማርጡ ብዙ ይጠይቁኛል። ስንት ኪሎ ይይዛል፣ ጎማው ይጸናል፣ በርበሬ ይሸታል ወይ። እመልሳለሁ። የማየው ግን እናቶቹን ነው፤ ምን እንደለበሱ፣ ዚፑን ከዘጉ በኋላ እጃቸው የት እንደሚቀር። ከዚያ ዋጋውን እነግራቸዋለሁ።