ከባዱን ድሪል የመረጥን ቀን

ስጽፍ ደስ ይለኛል፤ የሚያቋርጠኝ ሰው የለማ። ስለዚህ ነገሩን ከመጀመሪያው ልጀምር።

አባቴ መቱ ከተማ ኮርኒስ ሠሪ ነው። ጂፕሰሙን ጣሪያ ላይ በብሎን ያስራል፤ ለዚህም ሶኬት ላይ የሚሰካ ባለገመድ ድሪል አለው። እኛ ከተማ ግን ዝናቡ ገና ሲያጉረመርም መብራት ይሄዳል፤ ዝናቡ ደግሞ ማጉረምረም አያቆምም። ያኔ አባቴ ድሪሉን ታቅፎ በሰው በረንዳ ላይ ይቀመጣል። ቤት አሠሪዎቹ መብራቱን ያጠፋው እሱ ይመስል ያዩታል።

አንድ ቀን ከመቱ አቅራቢያ ሁሩሙ ከተማ ላይ ቤት ካሠሩ አንድ ጡረተኛ ሽማግሌ ጥሪ መጣለት። ቤቱ አልቋል፤ የቀረው ኮርኒሱ ነው፤ የመብራት ቆጣሪ ግን አልገባም። ጄነሬተር እንዳያመጡ ጎረቤታቸው አራስ አለች። ባለባትሪ ድሪል ያላቸው የጅማ ሠራተኞች እንመጣለን ብለዋቸዋል፤ ሽማግሌው ግን ለአገራቸው ልጅ ቅድሚያ ሰጡ። «ሰኞ ባትሪ ድሪል ይዘህ ከመጣህ ሥራው ያንተ ነው። ካልሆነ እንዳትቀየመኝ» አሉት። በዚያ ሠፈር ግድግዳቸው ያለቀ፣ ኮርኒስ የሚጠብቁ ቤቶች ሞልተዋል። የሽማግሌው ቤት ያማረለት ሰው የሌሎቹም በር ይከፈትለታል ማለት ነው። አባቴ ያን ሰሞን ሲሄድ ሁሉ ያፏጭ ነበር።

እኔ በበኩሌ ሳምንቱን በስልኩ ስለ ድሪል ሳነብ ሰነበትኩ። የገባኝ ነገር ቀላል ነው። አንዳንዱ ድሪል ላይ ትልቅ ቁጥር ይጻፍና ከኋላው «ቪኤፍ» የሚል ፊደል ይለጠፋል። ያ ቁጥር የዕቃው ስም እንጂ ቮልቱ አይደለም። ትክክለኛው ቮልት ቻርጀሩ ላይ በደቃቅ ጽሕፈት አለ። ይህን ለአባቴ ስነግረው «ጎበዝ» አለኝ። እንደሰማኝ ቆጥሬ ነበር።

ቅዳሜ ወደ ሱቅ ስንሄድ አጎቴም አብሮን መጣ። የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው። መርካቶ ሠርቶ ስለተመለሰ እኛ ቤት ያለእሱ ዕቃ አይገዛም፤ ጫማም ቢሆን። ባለሱቁ ሁለት ድሪል አወጣ። አንዱ ቀለል ያለ፣ «ሃያ አንድ ቮልት» የሚል፣ ባትሪው ምን ያህል እንደሚይዝም የተጻፈበት። ሌላው ከባድ፣ ጎኑ ላይ «ሰማንያ ስምንት ቪኤፍ» የሚል፤ ስለ ባትሪው ግን አንድ ቃል የለበትም። ቻርጀሮቹን ገልብጬ አየሁ። ሁለቱም ላይ ሃያ አንድ ይላል።

እኛ አገር ግን ዕቃ የሚመረመረው በዓይን አይደለም፤ በእጅ ነው። ቁልፍም ሆነ ማንጠልጠያ አንስተው ይመዝኑታል። «ኡልፋታዻ» ከተባለ አለቀ። በኦሮምኛ ከባድ ነው ማለት ነው፤ ግን ክብደት ብቻ አይደለም፤ ክብር የምንለው ኡልፊናም ከዚያው ቃል ይወለዳል። ቀላል ዕቃ ይዞ ሥራ ቦታ የሚገባ ባለሙያ ራሱም የቀለለ ይመስለዋል።

አጎቴ ከባዱን አነሳና በመዳፉ ላይ ከፍ ዝቅ አደረገው። «ኡልፋታዻ» አለ። ለአባቴ አቀበለው። አባቴም መዘነና በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

«አባዬ፣ ሰማንያ ስምንቱ እኮ ስሙ ነው። ቻርጀሩን እየው፣ ሁለቱም እኩል ናቸው» አልኩት።

አጎቴ ሳቀ። «ኢንጂነሯ መጣች» አለ ለባለሱቁ። «ይኼ እኮ የፀጉር ማድረቂያ አይደለም፣ የኔ እመቤት።»

ባለሱቁም ሳቀ። አባቴ መጀመሪያ እኔን አየ፤ ቀጥሎ ወንድሙን አየ። ከዚያ ባለሱቁን «ከባዱን ጠቅልልልን» አለው።

ሰኞ ትምህርት ስላልነበረ ብሎን ላቀብለው አብሬው ሄድኩ። አጎቴ ያን ቀን ጉዳይ ነበረበት። ሽማግሌው ወንበር አምጥተው ሳሎኑ መሐል ተቀመጡ። ድሪሉ መጀመሪያ ላይ ደህና ጮኸ፤ አባቴም ወደ ታች እያየ ጠቀሰኝ። አንዱን ጂፕሰም አስሮ ሁለተኛውን በአንድ ጎኑ እንደያዘ ድምፁ እንደሚያዛጋ ሰው ተጎተተ። ቀስ አለ። ቆመ።

አባቴ መሰላሉ ላይ ሆኖ ያልታሰረውን ጎን በጭንቅላቱ ደግፎ ቀረ። ለመልቀቅ አይችል፤ ለማሰር አይችል። በመፍቻ በእጁ ልሞክር ብሎ ሲጠማዘዝ ጂፕሰሙ ከመሐሉ ተሰነጠቀ፤ ነጩ ዱቄት ፀጉሩን ሞላው። ሽማግሌው አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር። «ውረድ ልጄ፣ ትወድቃለህ» አሉትና ስልካቸውን ይዘው ወደ ውጭ ወጡ። ለማን እንደሚደውሉ ሁለታችንም አውቀናል።

ቤት ስንደርስ አባቴ የባትሪውን ሽፋን ፈታው። ግማሹ ባትሪ ነው። ግማሹ እንዲከብድ የተከተተ ቁራጭ ብረት።

የጅማዎቹ መጡ፤ የሠሩት ደግሞ በዚያ ቀለል ባለው ዓይነት ድሪል ነው። አጎቴ ሄዶ አያቸው፤ ማታ ራት ላይ እኛ ቤት መጥቶ ይተነትን ጀመር። «አየህ፣ ያ ቁጥር ቮልት አይደለም እኮ። ስም ነው። ዋናው ቻርጀሩ ላይ ያለው ነው» አለው። አባቴ እንጀራውን ትቶ ከልቡ ያዳምጠው ነበር።

«ምናለ ያኔ የሚነግረን ሰው በነበረ» አለ።

እኔ የእጅ ውኃ ይዤ ቆሜያለሁ። «እኔ ነግሬህ ነበር እኮ፣ አባዬ» አልኩት።

አጎቴ እጁን ዘረጋልኝና «አንቺ ያልሽው ሌላ ነው» አለ። ውኃውን አፈሰስኩለት፤ ምን ላድርግ። አባቴ ቀና ብሎ ሊያየኝ ፈልጎ ነበር መሰለኝ፤ ግን ጉርሻውን አነሳ። «አንቺም ብትሆኚ ካወቅሽ ጠንከር ብለሽ መናገር ነበረብሽ» አለኝ።

በማግስቱ የጅማዎቹ ጂፕሰም የሚያቀብል ሰው ጎደለባቸውና አባቴን ጠሩት። ሄደ። አሁን በዚያ ሠፈር ቤቶቹ ሁሉ ኮርኒስ አላቸው። አባቴ በሁሉም ውስጥ ሠርቷል፤ መሰላሉ ላይ ግን አንድም ቀን አልወጣም።