ከአማቴ ጋር ወደ ደሴቱ

ይህ ነገር የደረሰብኝ በጣሊያን ጊዜ ነው። ያኔ ካገባሁ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። ዛሬ ዕድሜዬ ገፍቶ የትናንቱን እረሳለሁ፤ የዚያን ሰሞን ነገር ግን የውሃውን ሽታ ሳይቀር አስታውሰዋለሁ። ልጆቼ ስንት ጊዜ ሰምተውት አሁንም ድገሚልን ይሉኛል።

ቤታችን ኮልፌ ነበር። ያኔ ኮልፌ እንደ ዛሬው ቤት በቤት አልሆነም ነበር። ባሕር ዛፍ፣ የገብስ ማሳ፣ እዚህም እዚያም የሣር ጎጆ፣ ከዚያ በኋላ ጭልጥ ያለ ሜዳ ነው። እኔ የጉራጌ ልጅ ነኝ። አባቴ ማርና ቆዳ ይነግድ ነበር። የባሌ የደምሴ እናት ደግሞ የጎጃም ሰው ናቸው። ገና በልጅነታቸው ተድረው ከአገራቸው ወጥተው አዲስ አበባ ቀሩ። እኔም ተድሬ የገባሁት እሳቸው ግቢ ነው።

አማቴን እማማ እላቸው ነበር። ቁጡ ነበሩ። እንስራው ጎደለ ብለው ይቆጡኛል፤ ሞልቼው ጠብ ጠብ ካለም ይቆጡኛል። ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። ጎረቤቶቻችን ግን፣ «ታገሺያቸው። ልጃቸው ከታፈሰ ወዲህ ነው እንዲህ የሆኑት» ይሉኝ ነበር።

እውነትም ደምሴ፣ እኔን ከማግባቱ በፊት፣ በየካቲቱ ጭፍጨፋ ጊዜ ከመንገድ ታፍሶ ተወስዶ ነበር። ይሙት ይኑር ሳይታወቅ ከረመ። እማማ ያኔ ለእመቤታችን ተሳሉ። «ልጄን በሕይወት ካሳየሽኝ፣ ደሴት ላይ ካለው ቤትሽ መጥቼ እሳለምሻለሁ» አሉ። ልጃቸው ከስቶ ጠቁሮ፣ ግን በእግሩ መጣላቸው። እሳቸው ሲሳሉ በልባቸው ያሰቡት የአገራቸውን የጣናን ደሴት ነበር። የጎጃም መንገድ ግን በጦርነት ምክንያት ተዘግቷል። ስለቱ እዳ ሆኖባቸው እንቅልፍ አጡ።

በመጨረሻ የንስሐ አባታቸው፣ «ዝዋይ ሐይቅ ላይም የጽዮን ማርያም ደሴት አለች። እመቤታችን እንደሆነች አንድ ናት። እዚያ ሄደሽ ብትሳለሚ ይደርስልሻል» አሏቸው።

ደምሴ በዚያን ጊዜ ወደ ደቡብ በሚሠራው መንገድ ላይ በድንጋይ ፈላጭነት ተቀጥሮ ነበር። ኅዳር ጽዮን ሲቃረብ አለቃውን ለምኖ የሠራተኛ ካሚዮን ላይ ቦታ አገኘልን። «እማዬ ብቻዋን አትሄድም፤ አንቺም አብረሽ ሂጂ» አለኝ። እኔ በሆዴ «ጉዴ ፈላ!» አልኩ። ከእማማ ጋር አንድ ጓዳ መዋል ያቃተኝ ሰው፣ ሰው በማላውቅበት አገር ከእሳቸው ጋር ልሰነብት!

በሲሚንቶ ከረጢት መሃል ተቀምጠን ሄድን። መንገድ ላይ ጎማ ፈንድቶ ብዙ ስለቆየን፣ ሐይቁ ዳር የደረስነው ከቀትር በኋላ ነው። ሐይቅ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ከሩቅ ጭጋግ መስሎኝ ነበር፤ ስንጠጋ ግን ጭጋጉ ያብረቀርቃል፣ ዳሩም አይታይም።

አብሮን የመጣው ደምሴ ከአንድ የደሴቱ ሰው ጋር አገናኘን፤ ስሙ ተክሌ ነው። ተክሌ ጎልማሳ ባለ ታንኳ ነው። ሰማዩን አየት አደረገና፣ «ከሰዓት ነፋስ ይነሳል። ነገ በጠዋት ብትሻገሩ ይሻላል» አለ። እማማ ግን፣ «ዋዜማው ሊያመልጠኝ ነው እንዴ? አይሆንም!» አሉ። ሐይቁ ዳር ደግሞ ማደሪያ አልነበረንም። ተክሌ ትንሽ አመንትቶ እሺ አለ። ደምሴ ወደ ሥራው ሊመለስ በዚያው ካሚዮን ሄደ።

ታንኳው ከደንገል የታሰረ ነው። እማማ ከመሳፈራቸው በፊት ጎንበስ ብለው ዳበሱት። «ጥሩ አድርገህ አስረኸዋል» አሉት። ተክሌ ገርሞት አያቸው። እኔም ገረመኝ፤ ግን ፍርሃቴ በልጦ ሳልጠይቃቸው ተሳፈርኩ።

መሃል ላይ ስንደርስ ነፋሱ ተነሳ። ውሃው መጀመሪያ ሽብሽብ አለ፤ ከዚያ እየዘለለ ቀሚሳችንን ያረጥብብን ጀመር። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ እደግማለሁ። በድንገት አጠገባችን እንደ ወናፍ ፉፍ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዓይኔን ስገልጥ የጉማሬ ጆሮና አፍንጫ ከውሃው ወጥቷል።

ጉማሬው ተመልሶ ሲጠልቅ ያስነሳው ማዕበል ታንኳችንን ከሥር አነሳው። ቆሞ ይቀዝፍ የነበረው ተክሌ ተንገዳግዶ ውሃው ውስጥ ወደቀ። ሲወድቅ በአንድ እጁ የታንኳውን ጠርዝ ለመያዝ ሞከረና ክንዱ ከትከሻው ወለቀ። ጩኸቱ አሁንም ይሰማኛል። መቅዘፊያው እግራችን ሥር ወድቆ ቀረ።

እኔ ብድግ ልል ስል እማማ ትከሻዬን ይዘው ታንኳው ወለል ላይ ጣሉኝ።

«ተኚ! በሆድሽ ተኚና ሰውዬውን ያዢው! እንዳትለቂው!»

ተኝቼ የተክሌን ጤነኛ እጅ ያዝኩ። እየከበደ ሲንሸራተትብኝ የሸሚዙን ኮሌታ በጥርሴ ነከስኩት። ቀና ብዬ ሳይ እማማ ነጠላቸውን በወገባቸው ጠምጥመው ተንበርክከዋል። መቅዘፊያውን ይዘዋል። አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ውሃውን እየገፉ የታንኳውን አፍንጫ ወደ ማዕበሉ አዞሩት። የያዙት ለብዙ ዘመን ይዘውት እንደኖሩ ሰው ነበር።

ተክሌ ከሕመሙ የተነሳ አማርኛው ጠፋበት። በራሱ ቋንቋ ይጮህ ጀመር። የደሴቱ ሰዎች ቋንቋ ከእናቴ ጉራጊኛ ጋር ዘመድ ነው፤ ግማሹ ቃል ገባኝ። ኮሌታውን ከአፌ ለቅቄ፣ «በቀኝ በኩል ሌሎች ጉማሬዎች አሉ ይላል! ወደ ሸምበቆው አትጠጉ ይላል!» ብዬ ጮህኩ። ከዚያ ማልቀስ ጀመርኩ።

እማማ ዞር እንኳ አላሉም። «ለቅሶውን ተይው። ጸሎትሽንም በሆድሽ አድርጊው። አፍሽን የምፈልገው እሱ የሚለውን እንድትነግሪኝ ነው!» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ሥራችን ይኸው ሆነ። ተክሌ ይላል፣ እኔ እነግራቸዋለሁ፣ እሳቸው ይቀዝፋሉ። ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ አሁን ቀጥታ። ታንኳው ላይ እናውጣው ብንል እንገለበጥ ስለነበር ሰውዬው ግማሽ አካሉ ውሃ ውስጥ እንዳለ ነው የሄድነው። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ጣቶቼ ደንዝዘው የእኔ አይመስሉኝም ነበር።

የደሴቱ ሰዎች ከዳር ሆነው አይተውን ኖሮ እስከ ደረታቸው ውሃ ውስጥ ገብተው ተቀበሉን። ተክሌን ተሸክመው አወጡት። ወጌሻ ተጠርቶ ክንዱን መለሰለት። ሰዎቹ «ማን ቀዘፈው?» ብለው ሲጠይቁ በደህና እጁ እማማን አሳያቸው። ከዚያ አንዲት አሮጊት መጥተው የእማማን ጉልበት ሳሙ።

የተክሌ ሚስት ቤቷ አስገብታ እሳት አነደደችልን። እሳቱ ዳር ቁጭ ብለን፣ «እማማ፣ የት ተማሩት?» አልኳቸው።

«አባቴ ባለ ታንኳ ነበር። ወንድም አልነበረኝም። ለባል እስክዳር ድረስ አብሬው ቀዝፌያለሁ» አሉኝ። ቀና ብለው ሲያዩኝ ፊታቸው ተለዋወጠ። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ሳቅ ጀመሩ። «አንቺ ልጅ፣ ያዢው ብልሽ ነከስሽው እኮ! ጅብ እንኳ እንዲህ አይዝም!» ብለው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እኔም ሳቄ መጣ። የተክሌ ሚስት፣ ታሞ የተኛው ተክሌም ሳይቀር ሳቁ።

በማግሥቱ ከሕዝቡ ጋር ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጣን። ቤተ ክርስቲያኑ ያለው ኮረብታው አናት ላይ ነው። መንገዱ በድንጋይ እርከን መሃል ይጠማዘዛል። እማማ ደጁ ላይ ተደፍተው መሬቱን ሳሙ፤ ረጅም ሰዓት አልተነሱም። ሲነሱ ፊታቸው በእንባ ታጥቧል። «ተገላገልኩ» አሉኝ። ከዚያ ላይ ሆነን ሐይቁን በሙሉ አየነው። ሌሎቹ ደሴቶች እንደ ዳቦ ድፍን ብለው ተቀምጠዋል። ከሥራችን አፋቸው ከረጢት የመሰለ ትልልቅ ነጫጭ ወፎች ክንፋቸውን ሳያራግቡ ይዞራሉ። ከላይ ሆኜ የወፍ ጀርባ ሳይ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር።

ካሚዮኑ እስኪመለስ ድረስ ቀናት ነበሩን። እነዚያ ቀናት ናቸው ዛሬም የሚናፍቁኝ።

የነቢያት ጾም ነበር። በዚህ ጾም ዓሣ ይበላል የሚሉ አሉ፤ አይበላም የሚሉም አሉ። እማማ ኮልፌ ሳሉ አጥብቀው አይበላም ከሚሉት ወገን ነበሩ። የተክሌ ሚስት የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ ስታቀርብልን እኔ እሳቸውን አየሁ። እሳቸው እኔን አላዩኝም። አጥንቱን እንደ ክር እየመዘዙ አንዱን ጨርሰው ሁለተኛውን አነሱ። «በአገሬ ይበላል» አሉ።

ረፋድ ላይ ሴቶች የሚታጠቡበት፣ በቋጥኝ የተከለለና ጉማሬ የማይመጣበት ቦታ ነበር። እማማ ከነውስጥ ቀሚሳቸው ገቡ። ሻሻቸውን ፈተው ቋጥኙ ላይ ጣሉት። ጸጉራቸውን ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት፣ እስከ ትከሻቸው የሚደርስ ጸጉር። ጠልቀው ራቅ ብለው ብቅ ይላሉ። እኔ ጉልበቴ ድረስ ገብቼ ቆሜያለሁ።

«ነይ!»

«እፈራለሁ፣ እማማ።»

«ያን ዕለት ያልበላሽ ውሃ ዛሬ አይበላሽም። ነይ ብያለሁ!»

እጃቸውን ከወገቤ ሥር አድርገው በጀርባዬ አስተኙኝ። «አንገትሽን አታድርቂው። ጭንቅላትሽን ለውሃው ስጪው፤ እሱ ይሸከምልሻል» አሉኝ። መጀመሪያ ሰመጥኩ፤ ውሃ ጠጣሁ፤ አሳለኝ፤ እንደገና አስተኙኝ። በኋላ ጆሮዬ ውሃ ውስጥ ገብቶ ጭር ሲል፣ ከላይ ሰማይ ብቻ ሲታየኝ፣ እጃቸው ከሥሬ እንደሌለ አወቅሁ። እሳቸው ራቅ ብለው ቆመው እያጨበጨቡ ነበር።

ደምሴ ሊወስደን ሲመጣ፣ ገና ታንኳው ላይ ሳለን እማማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «የጉማሬውን ነገር እንዳትነግሪው። ሁለተኛ የትም አይለቀንም» አሉኝ። ደምሴ ፊታችንን አይቶ፣ «ምን አግኝታችሁ ነው እንዲህ ያማረባችሁ?» አለ። እማማ፣ «በረከት ነዋ!» አሉት። እኔ ሳቄን ለመደበቅ ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግሁ።

ኮልፌ ከተመለስን በኋላ እማማ አሁንም ይቆጡኝ ነበር። ልዩነቱ፣ ቁጣቸውን መፍራቴ ቀረ። ጣሊያን ወጥቶ የጎጃም መንገድ ሲከፈት ደምሴ፣ «እማዬ፣ አሁን ጣናን ላሳይሽ» አላቸው። «ስለቴን አድርሻለሁ» አሉ። ወደ እኔ ዞር ብለው ደግሞ፣ «እሷ ካለች ግን ለመዋኘት እሄዳለሁ» አሉ። ከክረምት በኋላ እንሄዳለን ተባባልን። በዚያው ክረምት ግን ታመው ተኙ፤ አልተነሱም። የአገራቸውን ውሃ ዳግመኛ ሳያዩት መቅረታቸው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አሁን ልጆቼ አንዳንድ ጊዜ ላንጋኖ ይወስዱኛል። የሞተር ጀልባ አለ፤ ዣንጥላ አለ፤ ሙዚቃ አለ። የልጅ ልጆቼ ሲዋኙ እያየሁ ደስ ይለኛል።

ስለ ጣሊያን ዘመን ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚያወራው መከራውን ነው። መከራው እውነት ነው፤ እኛም ቀምሰነዋል፤ ከሰፈራችን ተወስደው ያልተመለሱ ብዙ ናቸው። ስለዚህ ሰው ፊት የራሴን ለመናገር ለረጅም ጊዜ አፍር ነበር። አሁን ግን አላፍርም። በዚያ ክፉ ዘመን ውስጥ፣ ለጥቂት ቀን፣ እኔና እማማ ደስተኞች ነበርን።