ግራ አውራ ጣት

ሩክሳንዳ በሞልዶቫዋ ኪሺናው ከተማ ባለው የጥፍር ማስዋቢያ ቤቷ ለሥራ የሚመጣን ሰው የምትፈትነው የራሷን ቀኝ እጅ ሰጥታ ነው። ግራው ከጠረጴዛው ሥር ይቆያል፤ አውራ ጣቱን በር ከቀጠቀጠው ወዲህ ጥፍሩ ተሰንጥቆ ነው የሚያድገው፤ ከራሷ በቀር የነካው የለም።

የዛሬዋ ተፈታኝ ሃምሳን ያለፉ ሴት ናቸው። ነጭ ጋዋናቸው በእጥበት ሳስቷል፤ ከደረት ኪሱ ላይ የጥልፍ ስም ተፈትቶ ቀዳዳዎቹ ብቻ ቀርተዋል። የሚሽከረከረውን የኤሌክትሪክ ሞረድ መጀመሪያ በራሳቸው ጥፍር ላይ ሞከሩት። ከዚያ ትንሿን ጣታቸውን በሩክሳንዳ መዳፍ ላይ አስደግፈው አሮጌውን ቀለም መፋቅ ጀመሩ። ትንሽ አስኬደው ያነሱና «ሞቀሽ እንዴ፣ ልጄ?» ይላሉ።

«እማማ፣ እርስዎ አንድ እጅ ሳይጨርሱ እኔ እኮ ሁለት ደንበኛ ሸኘሁ!» አለች የቤቱ ሠራተኛ አውሪካ ከጎን ጠረጴዛ።

«መሸኘቱንስ ሸኘሽ፤ መመለሳቸውን እናያለን» አሉ ቀና ሳይሉ።

ሩክሳንዳ ሳቋን ዋጠች። ጣቶቿን ስታይ ከቀለሙ ሥር ጥፍሩን የሚጠብቀው ስስ ሽፋን ሳይነካ ቀርቷል፤ ሞረዱ ጥፍሯን አልነካም። ከእሳቸው በፊት የመጡት አራቱም እስከ ጥፍሯ ፍቀዋት ነበር።

«የት ለመዱት?»

«ሃያ ዓመት ሰው ሠራሽ ጥርስ ስሞርድ ኖርኩ፤ መሥሪያ ቤቱ ተዘጋ። ሌላ ቦታ ስጠይቅ አርጅተሻል ይሉኛል። ያ ጥርስ አያመውም ነበር፤ አንቺን ግን እንዳላሳምምሽ ፈራሁ።»

ማሽኑን አጠፉ። የሩክሳንዳን ውሳኔ ሳይጠብቁም ጠረጴዛው ላይ የተነጠፈውን ፎጣ ለመሄድ እንደተነሳ ሰው ማጠፍ ጀመሩ።

«ይተዉት» አለች ሩክሳንዳ፤ ግራ እጇንም ከጠረጴዛው ሥር አውጥታ ፎጣው ላይ አኖረችው።